መልስ፦ ክፍያ ጨመረ ብለሽ እንዳትቀሪ

እህቴ፣ «ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ፤ ክፍያ ጨመረ ሲባል ሰማሁ፤ ቤተሰቤ አቅም የለውም፤ ልቅር ወይ?» ላልሽው፣ በፍጹም አትቅሪ! የመንግሥት ምደባ ከሆነ የምትፈርሚው የወጪ መጋራት ውል ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ምግብ፣ ዶርምና ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነው በስምሽ እዳ ሆኖ ይያዛል፤ የምትከፍዪው ሥራ ስትይዪ ከደመወዝሽ ነው። የውሉን ኮፒ አስቀምጪ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከመመረቅ በፊት የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። እዳው ግን የትም አይሄድም። የትምህርት ጥራት ይሻሻል፣ እሰየው! ታዲያ መጽሐፉስ? እዚህ አዳማ ከግቢው በር ፊት ለፊት ኮፒ ቤት ተሰልፈን፣ ፊደሉ የደበዘዘ የድሮ ሃንድአውት (የመምህር ማስታወሻ) ከኪሳችን ከፍለን እናባዛለን። አንቺም ለኮፒ የምትሆን ብር ያዢ።