ጥንቸሎቹን ባሕር ዛፉ ውስጥ ብንለቃቸውስ?

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ለልጄ ብዬ ከአዲስ አበባ ሁለት ነጫጭ ጥንቸሎች ገዛሁ። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ብሎኝ ነበር። አሁን 11 ሆነዋል! የጓሮውን ጎመን ጨረሱት፣ የቻርጀር ገመድ ሳይቀር በጠሱ፣ አከራዬም ማጉረምረም ጀምረዋል። ዶሮ ቢሆኑ አርደን እንገላገል ነበር፣ ጥንቸል ግን አይበላ። ባለቤቴ «ባሕር ዛፉ ውስጥ እንልቀቃቸው፣ የዱር እንስሳ አይደሉ እንዴ?» ይላል። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ኃጢአቱን ለንስሐ አባትሽ ልተወው። እኔ ግን አትልቀቂያቸው ነው የምልሽ። ሻጩንም ብዙ አትርገሚው፣ ጥንቸል ግልገል ሳለች ጾታዋ የለመደ ሰውንም ያሳስታል።

ባለቤትሽን ያሳሳተው ስሙ ይመስለኛል። ሜዳ ላይ ከሣር ሥር ብድግ ብላ የምትፈተለከዋንም፣ አንቺ ቤት ጎመን የምትቆረጥመዋንም «ጥንቸል» ነው የምንላቸው። እንስሶቹ ግን ለየቅል ናቸው፣ ቢገናኙ እንኳ አይዋለዱም። የኛዋ የዱር ጥንቸል ሜዳ ላይ ስትወልድ ግልገሉ ጠጉር ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚመጣው። ያንቺዋ ዘሯ ከወደ ስፔንና ፖርቱጋል ነው፣ የምትወልደውም ራቁቱንና ዓይኑ ያልተገለጠ ግልገል፣ ያውም ጉድጓድ ውስጥ። ሰው እጅ ላይ ያደገ ደግሞ መደበቁንም መሸሹንም በወጉ አይችልበት። ነጭ ጥንቸል ባሕር ዛፍ ሥር መልቀቅ ጅብንና የሰፈር ውሻን ራት መጥራት ነው።

ብርዱን ብዙ አትፍሪ። ቦታው ደረቅ ከሆነና ገለባ ካላቸው የደብረ ብርሃንን ውርጭ ይችሉታል። የማይችሉት ዝናብና ሙቀት ነው።

«ከተረፉስ?» ካልሽኝ፣ ከተረፉማ የገበሬው ገብስና ባቄላ አለልሽ። በፈረንጆች 1859 ቶማስ ኦስቲን የሚባል ባለጸጋ ለአደን ጨዋታ ብሎ አውስትራሊያ ውስጥ ጥቂት ጥንቸሎች ለቀቀ፤ አገሪቱ አጥር ብታጥር፣ በሽታ ብትለቅባቸው እስከ ዛሬ አልተገላገለቻቸውም። እኛም ጋ እንደዚያ ይሆናል አልልም፣ ግን እስቲ እንሞክረው የሚባል ነገር አይደለም። ወደ ጓሳ ወስዶ መጣልማ ጭራሽ አይታሰብ፣ መንዞች ስንት ዘመን የጠበቁት፣ ቀይ ቀበሮ ያለበት ቦታ ነው።

ዛሬውኑ ወንዶቹን ለያቸው። ነገ አትበይ፣ ምክንያቱም እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ነው፣ በወለደችበት ቀን መልሳ ልታረግዝ ትችላለች፣ ግልገሎቹም አራት ወር ገደማ ሲሆናቸው በተራቸው ይጀምራሉ። ጾታቸውን መለየት ካቃተሽ የእንስሳት ሐኪም ያሳይሽ። ወንዶቹን የሚያኮላሽልሽ ካገኘሽ ግልግል ነው፣ ከዚያ በኋላም ግን እስከ ስድስት ሳምንት ከሴቶቹ አርቂያቸው። ከዚያ ለዘመድ ለጎረቤት አከፋፍይ፣ ግን ሁለት ሴት ወይም የተኮላሸ ወንድ እንጂ ወንድና ሴት አጣምረሽ አትስጪ፣ ያንቺን ጣጣ ለሰው ማውረስ ነው። ለወሰዳቸው ሰው ጎመን ብቻ እንዳያበላ ንገሪው። ጥርሳቸው ማደጉን ስለማያቆም ድርቆሽ ቀን ከሌት ማኘክ አለባቸው። ፍጋቸውን ግን ጓሮሽ ላይ በትኚው፣ የበሉብሽን ጎመን ይመልስልሻል።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ ነጭ ጥንቸል ገብታ አገኘሁ። ባለቤቷ አልታወቀም። ምን ላድርጋት? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሮቢት ላይ መጀመሪያ ጥላና ውሃ ስጣት፣ ሙቀቱ ቶሎ ይገድላታል። ሰፈሩን ጠይቅ። ደግሞ ጠጉሯን እየነጨች ጎጆ ስትሠራ ካየሃት ተዘጋጅ፣ ልትወልድ ነው።