ቀለበት ቆጣሪዎች፣ አንድ ያበጠ ጉልበትና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው የቅርጫት ኳስ የምንጊዜም አምስት ምርጥ ፓወር ፎርዋርዶቼን (ቅርጫቱ አጠገብ የሚታገሉትን ትልልቅ አጥቂዎች) ደርድሬ ነበር፦ ዱንካን፣ ጋርኔት፣ ኖዊትዝኪ፣ ያኒስ፣ ማሎን። ደብዳቤው ጎረፈ። ግማሹ ስድብ ነው። ከቀረው ግማሽ ጥቂቱን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባርክሌይን የት ጣልከው?

ስድስተኛ ነው። 1.98 ሜትር ተብሎ እየተጻፈለት፣ እሱ ራሱ ከዚያ አጥራለሁ እያለ፣ በ1987 ኤንቢኤን (የአሜሪካውን ሊግ) በሪባውንድ፣ ማለትም ስቶ የተመለሰ ኳስ በመያዝ፣ የመራ ሰውዬ ነው። ስድስተኛ መሆን ስድብ አይደለም፤ አትጮሁብኝ።

ዱንካን 5 ቀለበት፣ ጋርኔት 1። ታዲያ ጋርኔት እንዴት ሁለተኛ ይሆናል?

ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይቺው ናት። (ቀለበት ማለት የሊጉ ሻምፒዮን የሚሸለመው ነው።) ለጋርኔት ዘጠነኛም ይበዛበታል ይላል።

እሺ ወንድሜ፣ እንቁጠር ካልክ እንቁጠር። ሮበርት ሆሪ 7 ቀለበት አለው። እሱም በዚሁ ቦታ ተጫውቷል። ዱንካንን አውርደን ሆሪን እንስቀል? ዝም አልክ አይደል።

ዱንካን በ1997 ሳን አንቶኒዮ ሲደርስ ዴቪድ ሮቢንሰን ቆሞ ጠበቀው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) የሆነ ሴንተር፣ ቅርጫቱ ሥር የሚቆም ግዙፍ። ስፐርስ (የሳን አንቶኒዮ ቡድን) ዱንካንን የወሰደበትን አንደኛውን የድራፍት (የአዳዲስ ተጫዋቾች መልመያ) ምርጫ ያገኘውም ይኸው ሮቢንሰን ተጎድቶ ስለከረመና ቡድኑ ስለወደቀ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ ዱንካን በተጫወተባቸው 19 ዓመታት ሁሉ አንድ ሰው፣ ፖፖቪች። ጋርኔትስ? ቡድኑ ሚኒሶታ ከተጫዋቹ ጆ ስሚዝ ጋር በድብቅ የገባው ውል በ2000 ተደረሰበትና የድራፍት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን ተቀማ። ቡድን የሚሠራበትን እጅ ቆርጠው ሲያበቁ ልጁን ለምን አላሸነፍክም ይሉታል። ከ1997 እስከ 2003 ሰባት ጊዜ በተከታታይ ከፕሌይኦፍ (ለዋንጫ ከሚደረገው ጥሎ ማለፍ) በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ፤ ሰባቱንም እሱ ላይ ጻፉበት።

በ2003-04 ጎበዞቹ ተጫዋቾች ካሴልና ስፕሪዌል መጡለት። ሜይ 19 ቀን 2004፣ 28ኛ ልደቱ፣ ከሳክራሜንቶ ጋር ሰባተኛውና ወሳኙ ጨዋታ። 32 ነጥብ፣ 21 ሪባውንድ፣ ሚኒሶታ 83 ለ 80 አሸነፈ። ሲያልቅ የዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ቆመ። ያንን ፎቶ ያየ ሰው "ይህ ልጅ በወሳኝ ሰዓት ይጠፋል" ሲል እኔ እስቃለሁ። በ2007 ደግሞ ቦስተን ሄደ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዓመት ዋንጫውንም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይነትንም ወሰደ። ሰውዬው ያው ነው፤ የተለወጡት አጠገቡ ያሉት ናቸው።

እኔም ዱንካንን ነው አንደኛ ያደረግኩት፣ ግን በጣት ቆጥሬ አይደለም። በ2003 ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ ኔትስ ላይ 21 ነጥብ፣ 20 ሪባውንድ፣ 10 አሲስት (ነጥብ የሆነ ማቀበል)፣ 8 ብሎክ (የተወረወረ ኳስ በእጅ ማክሸፍ)። ሁሉን ሲያደርግ ፊቱ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ከግራ በኩል ወደ ቅርጫቱ ይዞራል፣ ትንሽ ቆም ይላል፣ ኳሷን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋታል፣ ገባች። የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያስቆመው የለም። ይህን ጽፈህ ብትከራከረኝ ኖሮ ቶሎ እጄን እሰጥ ነበር።

ያኒስ ኳስ እያነጠረ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ ምኑ ነው ፓወር ፎርዋርድ?

እህቴ፣ ግማሽ ልክ ነሽ። ኤንቢኤ ራሱ ተስፋ ቆርጧል፤ ከ2023-24 ጀምሮ የዓመቱን ምርጥ ቡድን ሲመርጥ የተጫዋቹን ቦታ አይጠይቅም። እኔ ግን ኳስ ሲይዝ ሳይሆን ሲከላከል የት እንደሚቆም አያለሁ። ደግሞ በ2021 ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ 50 ነጥብ ያስቆጠረን ሰው "ቦታህ አይታወቅም" ብዬ ላስወጣው? በዚያ ፕሌይኦፍ ለቅጣት ምት ሲቆም ስለሚዘገይ ተመልካቹ ሰከንዱን ጮክ ብሎ ይቆጥርበት ነበር፤ በዚያ ምሽት ከ19 ቅጣት ምት 17ቱን አገባ።

ፓወር ፎርዋርዶችን ለማወዳደር ቀመር ሠርቼ የድሮው ቦብ ፔቲት መጨረሻ ወጣብኝ፤ የት ተሳሳትኩ?

ብሎክ ላይ። ብሎክ መቆጠር የጀመረው በ1973-74 ነው፤ ፔቲት ደግሞ በ1965 ጫማውን ሰቅሏል። ባዶውን ዜሮ ብለህ ሞልተህበታል። ለቀረው የስታቲስቲክስ ሰው ጠይቅ፣ እኔን አታድክመኝ።

ኖዊትዝኪ በአንድ እግሩ ወደ ኋላ ሲወረውር የሚያነሳው የቱን ጉልበት ነው?

ጠያቂው 43 ዓመታቸው ነው። ሲለማመዱ ጉልበታቸው "ቋ" አለ፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እብጠቱ አልጎደለም፣ ደረጃ ሲወርዱ ይከዳቸዋል። ይህን ሁሉ እግረ መንገዳቸውን ነው የጻፉት!

የሚያነሳው ቀኙን ነው፤ ተከላካዩን በሱ ያርቃል። እርስዎ ግን አሁን ምንም አያንሱ። የሚከዳ ጉልበት በፋሻና በቅባት አይታለፍም፤ ውስጡ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ እየተራመዱበት ደግሞ ይብሳል። የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። "ሲሻለኝ አያለሁ" ብለው እንዳይመልሱልኝ፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ።

"4 ቁጥር" ሲባል ማልያው ነው?

አይ፣ ቦታው ነው፤ ፓወር ፎርዋርድ ማለት ነው። ማልያውማ ዱንካን 21፣ ጋርኔትም በሚኒሶታ 21 ነበሩ።