«መሬት ጦም የሚያሳድር ሥራ ምን ሥራ ነው?»

ከሊድስ፣ እንግሊዝ፣ አንዲት የ20 ዓመት ተማሪ ጻፈችልኝ። ባዮሎጂ 2ኛ ዓመት ናት። ከቤተሰቧ ጋር የመጣችው በ11 ዓመቷ ነው። ባለፈው የፋሲካ እረፍት ስኮትላንድ ሄዳ አንድ ሳምንት በፈቃደኝነት ችግኝ ስትተክል ሰነበተች። «ሰው የሌለበት ሸለቆ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም» ትላለች። አሁን መተዳደሪያዋ ሪዋይልዲንግ እንዲሆን ትፈልጋለች፤ የታረሰና የተጋጠ መሬትን ወደ ዱርነቱ የመመለስ ሥራ ማለት ነው። አባቷ ጎጃም አርሰው ያደጉ ሰው ናቸው፤ እዚህ አውቶብስ ይነዳሉ። ሳሴክስ የሚገኘውን፣ እንዲህ ወደ ዱርነቱ የተመለሰውን የኔፕን ርስት ፎቶ ስታሳያቸው «ይሄማ ዳዋ የዋጠው ነው! መሬት ጦም የሚያሳድር ሥራ ምን ሥራ ነው?» አሏት። ጥያቄዋ ሁለት ነው። እውነት እንጀራ ይወጣዋል? ደግሞስ ሁሉም ነጭ በሆነበት ሙያ እኔ ቦታ አለኝ? ካልሆነ ወደ ፋርማሲ ልቀይር ወይ ትላለች።

እህቴ፣ ከአባትሽ ልጀምር። እሳቸው የጠየቁሽ የዚህ ሙያ ዋናው ጥያቄ ነው።

ኔፕ 1,400 ሄክታር ገደማ የሚሆን ርስት ነው። አፈሩ ከባድ ሸክላ ነው። ሲዘንብ ትራክተር ይውጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ባለቤቶቹ ኪሳራው ሲያንገሸግሻቸው በ2000 የወተት ላሞቻቸውንና ማሽኖቻቸውን ሸጡ። ቀስ በቀስም የውስጡን አጥር አፍርሰው ሎንግሆርን ከብት፣ ኤክስሙር ፈረስና ታምወርዝ አሳማ ለቀቁበት። ማሳው በአረምና በእሾህ ተሞላ። ጎረቤቶች የተቃውሞ ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚህ አገር የተገኘው መሬት ሁሉ ለምግብ ይታረስ ተብሎ ነበር። በዚያ መንፈስ ላደገ ሰው ዳዋ ነውር ነው። አየሽ፣ አባትሽ ያሉትን ነው ያሉት፤ በእንግሊዝኛ።

በ2009 ከአፍሪካ የሚፈልሱት ፔይንትድ ሌዲ የሚባሉ ቢራቢሮዎች በብዛት መጡ። ትሎቻቸው ያን እሾህ ሙልጭ አድርገው በሉት። ዛሬ እዚያ ናይቲንጌል የሚባለው ወፍና ዋኖስ ይሰማል። በ2020 ሽመላዎች ጫጩት ፈለፈሉ፤ በብሪታንያ በነጻ የሚኖሩ ሽመላዎች ይህን ሲያደርጉ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

እኔ ስሄድ ከሽመላው ይልቅ ዓይኔን የያዘው አሳማው ነው። በአፍንጫው ሣሩን ገልብጦት ሄዷል። አፈሩ ገና በሬ እንዳረሰው ጥቁርና እርጥብ ነው። የአኻያ ዘር የሚበቅለው እንዲህ በተገለጠ እርጥብ አፈር ላይ ነው። ከአኻያው ቅጠል ላይ ደግሞ ፐርፕል ኤምፐረር የሚባለው ብርቅ ቢራቢሮ እንቁላሉን ይጥላል። ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው። መሬቱ ጦም አላደረም፤ አራሹ ነው የተለወጠው። የከብቱም ሥጋ ይሸጣል። ሊያይ የሚመጣ እንግዳም እየከፈለ ያድራል።

ግን አባትሽ ተሳስተዋል እያልኩሽ አይደለም። በ2018 ዌልስ ውስጥ ከተራራው እስከ ባሕሩ ድረስ ተፈጥሮን ለመመለስ ትልቅ ፕሮጀክት ተጀመረ። አካባቢው ትውልድ ከትውልድ በግ ያረባ፣ ቋንቋውን ዌልሽን የጠበቀ ሕዝብ አገር ነው። ገበሬዎቹ «ሳታማክሩን በመሬታችን ላይ አቀዳችሁ» ብለው ተነሡ። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ሪዋይልዲንግ ብሪተን የተባለው ድርጅት በ2019 ለቆ ወጣ። ሥራው ከአካባቢው ሰው ጋር እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። እኔ ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ የሰውን ቤት ሳያንኳኩ በመግባት የተበላሸ ነገር ነው።

አንቺ «ሰው የሌለበት ሸለቆ» ብለሽ የጻፍሽውም እዚህ ላይ ይመጣል። በስኮትላንድ ደጋማው ክፍል በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች በጎች ለማሰማራት ሲሉ ብዙ ሺህ ጭሰኞችን አፈናቅለዋል። ብዙ ሸለቆ ውስጥ እስካሁን የቤት መሠረት ድንጋይ ይታያል። ሣር ስለለበሰ ጉብታ ይመስላል እንጂ የሰው ምድጃ ነበር። ስለዚህ ሥራ ስትጠይቂ ማመልከቻሽ ላይ «ባዶ» የሚለውን ቃል አትጻፊ። ያ ቃል የሚያማቸው ሰዎች ዛሬም አሉ።

አሁን ስለ እንጀራው። አዎ፣ ሥራ አለው፤ ግን ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም። በ2022 ኬንት፣ ብሊን ጫካ ውስጥ ባይሰን የሚባለው የአውሮፓ ጎሽ ሲለቀቅ ሁሉም የጎሽ ጠባቂ መሆን ፈለገ። እንዲህ ያለ ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው። ብዙው ደመወዝ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ተፈጥሮ ቢያንስ 10% የበለጠ አድርጎ መተካትና ለ30 ዓመት መንከባከብ በሕግ ግዴታ ሆኗል። ያንን መሬት ገብቶ የሚቆጥር፣ ሣሩን በስሙ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ተመራቂ ወፍ ያውቃል፣ ሣር አያውቅም። አንቺ ሣሩን ያዢ። ፊስክ የሚባል የዕፅዋት መለየት ፈተና አለ፤ ቀጣሪዎች ያውቁታል። ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር በነጻ አውርደሽ ተለማመጂ። መንጃ ፈቃድ አውጪ። ይህን የምለው አውቶብስ በማይደርስበት ቦታ ስለምትሠሪ ነው፤ ያለ መንጃ ፈቃድ ማመልከቻቸው የሚጣል ልጆች አይቻለሁ። ጅማሬው ላይ ደመወዙ ዝቅ ያለ ነው፣ ኮንትራቱም የወቅት ነው። ለወራት በነጻ አገልግዪ የሚልሽን ግን እምቢ በይ። የሚከፈልበት የሠልጣኝነት ቦታ አለ፤ እሱን ፈልጊ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትዘጋጂበት እንዳይመጣብሽ። ስኮትላንድ ውስጥ ከሥራው ብዙው አጋዘን መቀነስ ነው። አጋዘን የሚያድኑት ተኩላና ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመት ከጠፉ ቆይቷል፤ አጋዘኑ ችግኙን ይበላዋል። ግሌንፌሺ በሚባለው ሸለቆ አጋዘኑ በብዛት ሲቀነስ ጥዱ ማንም ሳይተክለው ራሱ በቀለ። መሬቱ ይዳን ብሎ ጠመንጃ መያዝን አንቺ ትችይዋለሽ ወይ? ካልቻልሽም ችግር የለውም፤ አሁን መልሱን ማወቅሽ ግን ጥሩ ነው።

«ቦታ አለኝ ወይ» ላልሽው አልዋሽሽም። ብዙ ጊዜ በመስኩ ላይ ብቸኛዋ ጥቁር አንቺ ትሆኛለሽ። የገጠር መጠጥ ቤት ስትገቢ ዓይን ይከተልሻል። ያደክማል። ነገር ግን ይህ ሙያ በጣም የጎደለው ከገበሬ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ እራት ላይ ከገበሬ ጋር ነው ያደግሽው። ዝናብ ሲዘገይ አባትሽ እንዴት እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ወደ ፋርማሲ ልቀይር ወይ ያልሽውን ለጊዜው ተዪው። ማርችና ኤፕሪል በጎች ሲወልዱ ገበሬዎች ረዳት ይፈልጋሉ። ለሁለት ሳምንት ሂጂ፣ ግልገል አዋልጂ፣ በርጋታ አድምጪ። ሲቪሽ ላይ ከብዙ ሠርተፍኬት በላይ ይከብዳል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ አባትሽን ይዘሽ ውጪ። ከሊድስ ወደ ሪብልሄድ ጣቢያ ቀጥታ ባቡር አለ። ከኢንግልቦሮ ተራራ ሥር የተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ ሜዳ ታገኛላችሁ። ላዩን በግ ግጦት ሣሩ ምንጣፍ ሆኗል። ጎንበስ ብላችሁ ስንጥቁን ተመልከቱ። የበግ አፍ በማይደርስበት ጥልቀት ፈርን የሚባለው ተክልና የዛፍ ቡቃያ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። እዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ጠይቂያቸው። በልጅነታቸው ዙሪያው ሁሉ ታርሶ፣ ጽዱና ወይራው በቅጥሩ ውስጥ ብቻ እንዴት እንደቀረ ይንገሩሽ። የሚሉትን ጻፊና ላኪልኝ፤ የማመልከቻሽን የመጀመሪያ አንቀጽ ከዚያ ላይ አብረን እንሠራዋለን።