ልጃችን ኩዌት በረሃ ውስጥ ናት፤ እንዴት ውላ እንዴት ታድራለች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምኖር እናት ነኝ። የ22 ዓመት ልጄ በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ በስንቅና ትጥቅ ሥራ ላይ ተመድባ ታገለግላለች። ክፍሏ በቅርቡ ወደ ኩዌት፣ ካምፕ ቢዩሪንግ ወደሚባል የበረሃ ሰፈር ተልኳል። ስንነጋገር «ደህና ነኝ እማዬ፣ አታስቢ» ከማለት በቀር የምትነግረኝ ነገር የለም። ድምፅዋ ሁለት ቀን ከጠፋ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ውሎዋ ምን እንደሚመስል፣ ምን ብልክላት እንደሚጠቅማትና ድምፅዋ ሲጠፋ ምን ማሰብ እንዳለብኝ ቢያስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ «ደህና ነኝ» ብላ የምታሳጥረው እርስዎን ላለማስጨነቅ ብቻ አይደለም። በበረሃ ሰፈር አንዱ ቀን ከሌላው ስለማይለይ የሚወራው ነገር ቶሎ ያልቃል፤ በዚያ ላይ ስለ ክፍሏ እንቅስቃሴ፣ ስለ ጉዞ ቀንና ስለ ሥራዋ ዝርዝር በስልክ መናገር አይፈቀድላትም። እኔም በዚያው ሰፈር በሳጅንነት ስላገለገልሁ፣ እሷ የማትነግርዎን፣ ምስጢር ያልሆነውን ኑሮ ልግለጽልዎ።

ካምፕ ቢዩሪንግ በሰሜን ምዕራብ ኩዌት፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ አሸዋ ብቻ በሚታይበት ሜዳ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ኡዳይሪ በሚል ስም ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 26 ቀን ባግዳድ ውስጥ በሮኬት ጥቃት የተገደሉትን የሌተና ኮሎኔል ቻርልስ ቢዩሪንግን ስም የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። በእኔ ጊዜ የምናድረው በትልልቅ ድንኳኖች ውስጥ፣ በተደራራቢ አልጋ ላይ ነበር፤ የሴቶቹና የወንዶቹ ድንኳን የተለያየ ነው። እያንዳንዱ ሰው አልጋውን በአንሶላ ወይም በስስ ብርድ ልብስ ጋርዶ ለራሱ ትንሽ ቦታ ያበጃል። ማታ ሠርተው ቀን የሚተኙ ስላሉ በድንኳኑ ውስጥ መብራት የሚበራው አልፎ አልፎ ነው፤ ገብቶ የሚወጣው ሰው ግንባሩ ላይ ባሰራት ቀይ መብራት እየተመራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይንቀሳቀሳል። ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ጆሮ ይለምደዋል፤ እንዲያውም ሰውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ማቀዝቀዣው በድንገት ፀጥ ሲል ነው። መታጠቢያውና መጸዳጃው ከድንኳኑ ርቆ ስለሚሠራ ሌሊት ጫማ አድርጎ መውጣት ግድ ይሆናል፤ ጫማውንም ጊንጥ ገብቶበት እንዳይሆን ገልብጦ ማራገፍ ያስፈልጋል።

ሙቀቱ ላላየው ሰው ለማመን ያስቸግራል። እዚያው ሰሜን ምዕራብ ኩዌት ውስጥ፣ ሚትሪባህ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 የተመዘገበውን 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የዓለም ሚቲዮሮሎጂ ድርጅት በእስያ አህጉር ከተረጋገጡት ሁሉ ከፍተኛው ብሎ መዝግቦታል። በበጋ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ራሱ ይለበልባል፤ የመኪና በር በባዶ እጅ አይያዝም፤ ፀሐይ ላይ የተረሳ የታሸገ ውኃም ሻይ ቅጠል ብቻ የሚጎድለው ይመስላል። ይሁን እንጂ ሠራዊቱ ሙቀቱን በዘፈቀደ አይጋፈጠውም። ሙቀትን፣ እርጥበትንና የፀሐይ ጨረርን በአንድነት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ልኬቱ 90 ዲግሪ ፋራናይት ሲያልፍ ጥቁር ባንዲራ ይሰቀላል፤ ከዚያ በኋላ ከባድ ሥራ የሚሠራ ወታደር በሰዓት 10 ደቂቃ ሠርቶ 50 ደቂቃ እንዲያርፍ መመሪያው ያዝዛል። ውኃም በልክ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሙቀት በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ በቀን ግን ከ11 ሊትር ተኩል ማለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም ውኃ ሲበዛ የሰውነትን ጨው አሳጥቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። አዲስ የመጣ ሰው ሰውነቱ አየሩን እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅበት፣ ልጅዎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም በዝቶባት ብትሰሟት አይደንግጡ።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሰለቸው አቧራው ነው። ሻማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ በበጋ ሲነሣ ሰማዩ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው አይታይም፤ አውሮፕላን ይቆማል፤ ፖስታም ይዘገያል። አሸዋው እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ በድንኳኑ ስፌት ሳይቀር እየገባ ትራስ ላይ ያድራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበልዎ፦ ሳል፣ የመተንፈስ ችግር ወይም የአፍንጫ ሕመም ከተሰማት «ያልፋል» ብላ እንዳትተወው፣ ሄዳ በሕክምና መዝገቧ ላይ እንድታስጽፈው ይንገሯት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ፓክት የተባለው ሕግ ኩዌትን ጨምሮ በዚያ አካባቢ ያገለገሉ ወታደሮች በኋላ የሚይዟቸውን በርካታ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ከአገልግሎታቸው የመጡ አድርጎ ይቀበላል፤ ሆኖም በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ያለው ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

የቀኑ ሥርዓት ቀላል ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ስፖርት ይሠራል፤ ከዚያ ቁርስ፣ ስም ጥሪና የክፍሉ ሥራ ይከተላሉ። ልጅዎ በስንቅና ትጥቅ ላይ ስለሆነች ዕቃ መቁጠር፣ መመዝገብ፣ መጫንና ማራገፍ ውሎዋን ይሞላዋል። ወታደሮቹ ዲፋክ በሚሉት የምግብ አዳራሽ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ሌላ ለማታ ሠራተኞች የእኩለ ሌሊት ምግብ ይቀርባል፤ ሰው ይሰለቸው ይሆናል እንጂ አይራብም። ማታ የስፖርት ቤት፣ ትንሽ ሱቅ፣ የጸሎት ቤትና ከቤተሰብ ጋር የሚነጋገሩበት ማረፊያ አለ። ኩዌት ውስጥ በርካታ ኢትዮጵያውያን እህቶች በቤት ሠራተኝነት ቢኖሩም ከሰፈሩ መውጣት በፈቃድና በሥራ ብቻ ስለሆነ፣ የአገሯን ሰው የምታገኘው ምናልባት እዚያው ከሚያገለግሉት መካከል ነው። ቢገጥማት ደግሞ ትልቅ ደስታ ነው፤ በአማርኛ «እንደምን አደርሽ» የሚላት አንድ ሰው ማግኘት የሳምንቱን ድካም ያስረሳል።

ስለሚላከው ዕቃ፦ የሠራዊቱ የፖስታ አድራሻ ኤፒኦ ስለሚባል የሚከፍሉት ወደ ሌላ የአሜሪካ ግዛት እንደሚልኩ ያህል ነው፤ የጉምሩክ ቅጽ ግን ይሞላሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ከሁሉ ይሻላሉ፤ አይቀልጡም፣ አይበላሹም፤ በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ከስፖርት በኋላ ያጠግባል። በሶውን ግን በደንብ አሽገው፣ ምንነቱን በእንግሊዝኛ ይጻፉበት፤ ስም የሌለው ዱቄት ጥርጣሬ ያስነሣል። ቸኮሌትና ቅቤ የገባበት ጭኮ በበጋ ቀልጦ ሌላውን ዕቃ ያበላሻል። በአካባቢው ባለው አጠቃላይ ትእዛዝ መጠጥ ፈጽሞ የተከለከለ በመሆኑ ጠጅም ሆነ አረቄ እንዳይልኩ፤ የአሳማ ሥጋም አይገባም። ለግል ጸሎት የሚሆን ውዳሴ ማርያምና ትንሽ ሥዕለ አድኅኖ ይፈቀዳል፤ በድንኳን ውስጥ እሳት ስለሚከለከል ግን ጧፍና ዕጣን ቢቀሩ ይሻላል። ለከንፈርና ለፊት የሚቀባ ቅባት፣ ወፍራም ካልሲ፣ ለክረምቱ ደግሞ የሱፍ ኮፍያ ይጨምሩላት፤ በጃንዋሪ ሌሊት በረሃው አጥንት ሰብሮ የሚገባ ብርድ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትዎ ልምጣ። ኩዌት የሰዓት አቆጣጠሯ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ከሜሪላንድ በበጋ 7፣ በክረምት 8 ሰዓት ትቀድማለች። እርስዎ ከሥራ ገብተው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲደውሉ እሷ ዘንድ በበጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ስልኩን ባታነሣ ተኝታለች ማለት ነው። ከዚህ ሌላ በሰፈሩ አንድ ከባድ ነገር ሲደርስ፣ ወይም ምስጢሩ የሚጠበቅ እንቅስቃሴ ሲኖር፣ አዛዦች የሁሉንም ስልክና ኢንተርኔት ይዘጋሉ፤ ወታደሮች ይህን «ሪቨር ሲቲ» ይሉታል። ዓላማው የተጎዳው ሰው ቤተሰብ ወሬውን ከፌስቡክ ሳይሆን በወጉ እንዲሰማ ነው። ስለዚህ ዝምታው በራሱ ስለ ልጅዎ የሚናገረው ነገር የለም።

አካባቢው ከአደጋ ነጻ ነው ብዬ ላታልልዎ አልፈልግም፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ዮርዳኖስ ውስጥ ታወር 22 በተባለ ሰፈር ላይ በደረሰ የድሮን ጥቃት 3 የአሜሪካ ወታደሮች ተገድለዋል። ይሁን እንጂ ይህን ይወቁ፦ ሞት ቢሆን የምድር ጦሩ ለቅርብ ቤተሰብ የሚያስታውቀው በአካል፣ የደንብ ልብስ በለበሱ ሰዎች አማካይነት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ነው። የመቁሰል ዜና በስልክ ሊነገር ይችላል። ማንም ደውሎ «ልጅዎ ተጎድታለች፣ ለማስመለሻ ገንዘብ ይላኩ» ቢል አጭበርባሪ ነውና ስልኩን ይዝጉበት። ልጅዎን ግን ዲዲ 93 በሚባለው የአደጋ ጊዜ ቅጽ ላይ የጻፈችው አድራሻዎ የአሁኑ መሆኑን ዛሬውኑ ይጠይቋት። የመመለሻ ቀኗንም በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ወይም በፌስቡክ አስቀድመው አያውጡ፤ ደስታው ሲደርስ ይታወጃል።

ገንዘቡን በሚመለከት በአጭሩ፦ ኩዌት ለግብር ሲባል የጦር ቀጠና ተብሎ ስለተመደበ በዚያ የምታገኘው ደመወዝ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ነው። ከ30 ተከታታይ ቀናት በኋላም እስከ 10,000 ዶላር ድረስ በዓመት 10 በመቶ ወለድ በሚከፍለው የዘማቾች ቁጠባ ማስቀመጥ ትችላለች። እንዲህ ያለ ወለድ ሌላ ቦታ ስለማይገኝ እንዳያልፋት ይንገሯት።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ በአየር ኃይል ውስጥ ሆኖ ኩዌት፣ ዓሊ አል ሳሌም አየር ጣቢያ ይገኛል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አያቱ አዲስ አበባ ውስጥ በጠና ታማለች። ቤተሰቡ «በረሃ ላይ ሆኖ አይስማ፤ ሲመለስ እንደ ወጋችን እናረዳዋለን» ይላል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ልብዎ ያለዎት ትክክል ይመስለኛል። መርዶ በድንገት በስልክ እንዳይነገር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ማለዳ፣ በሽማግሌ እንዲነገር ወጋችን የሚያዝዘው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። ነገር ግን ዛሬ ወሬ በፌስቡክ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወጣቱ የአያቱን ሞት ከጓደኛ ገጽ ላይ ቢያነብ፣ ያውም ብቻውን አልጋው ላይ ሆኖ፣ ወጉ ሊከላከለው የፈለገው ነገር ሁሉ ይደርስበታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በሕይወት ሳለች ሊያያት ይችል የነበረውን ዕድል መንፈጋችን ነው።

መንገዱ ይህ ነው። የአሜሪካ ቀይ መስቀል በ1-877-272-7337 ቀንና ሌሊት ይቀበላል። የወታደሩን ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቀን፣ የሚገኝበትን ክፍልና አድራሻ፣ እንዲሁም የታካሚዋን ስም፣ ሆስፒታሏንና የሐኪሟን ስልክ ይዘው ይደውሉ። ቀይ መስቀል ነገሩን አረጋግጦ መልእክቱን ለአዛዡ ያደርሳል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ግን አዛዡ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ቤተሰቦች የሚሰናከሉበት ነገር አለ፦ የአስቸኳይ ፈቃድ ደንቡ የሚያውቀው ወላጅን፣ የትዳር ጓደኛን፣ ልጅን፣ ወንድምንና እህትን ነው፤ አያት በቀጥታ አይካተቱም። አያቱ በወላጅ ቦታ ሆነው ያሳደጉት ከሆነ ግን እንደ ወላጅ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ለቀይ መስቀል ሲደውሉ «አያቱ» ብለው አያቁሙ፤ «በእናት ቦታ ሆና ያሳደገችው» ብለው ያስመዝግቡ፤ ይህንን የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወይም የኢሚግሬሽን ወረቀት ካለ አዘጋጅተው ለልጁ ይላኩለት። ከአዲስ አበባውም ሆስፒታል የሕመሟን ሁኔታ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አሁኑኑ ያስወጡ።

የሚነግረውም ሰው አለ። መልእክቱ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የቅርብ አለቃውና የክፍሉ ቄስ፣ ቻፕሊን የሚባለው፣ ለብቻው ጠርተው በአካል ይነግሩታል፤ አብረውትም ይቀመጣሉ። የወጋችን ቁም ነገር በዚያም ይጠበቅለታል።

ጥያቄ፦ ካምፕ ቢዩሪንግ ያለሁ ወታደር ነኝ። ዐቢይ ጾምን ሳላቋርጥ መጾም እፈልጋለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን አስቀድመህ ተዘጋጅ። የታሸገው የመስክ ራሽን 24 ዓይነት ሲሆን 4ቱ ሥጋ የላቸውም፤ ሆኖም አንዳንዶቹ አይብ ወይም ወተት ስላለባቸው ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አትክፈት። በዲፋክ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ሰላጣ፣ ዳቦና የለውዝ ቅቤ ይገኛሉ፤ አትክልቱ በቅቤ የተሠራ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ። ለቻፕሊኑ ጾሙ 55 ቀን እንደሆነና ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ሁሉ እንደሚከለክል አስረዳው፤ ለአዛዥህ ጥያቄ የምታቀርብበትን መንገድ እሱ ያሳይሃል። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት ግን ከቤት ውጭ ለሚሠራ ወታደር አደገኛ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የኩዌት ፀሐይ መበርታት ትጀምራለች፤ አንተ ከወደቅህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህም ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለንስሐ አባትህ ደውለህ የሥራህን ጠባይ ንገራቸውና የሚሰጡህን ሥርዓት ተከተል። ውኃህን ግን በሰዓቱ ጠጣ።