የድብርት ሕክምና ላይ ላለች እህት ምን ዓይነት ራስ አገዝ ነገር ይጠቅማል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። እህትህ የድብርት መድኃኒት ጀምራለች። ሐኪሙ ጋ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ ሩቅ ነው። በመሃል ራሷን የምትረዳበት መጽሐፍ ወይም አፕ አለ ወይ፣ ወይስ ጊዜ ማባከን ነው ብለሃል። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ክትትል ላይ ያለሁ ሰው ነኝ።

ይጠቅማል። ግን ፋይሉን በቴሌግራም ልከህላት ዞር ካልክ አይሠራም። አብሯት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ድብርት ሲከብድ ማንበብ ራሱ አይቻልም። አንዱን ገጽ ደጋግመህ ታነባለህ፣ ምንም አይገባህም። ከዚያ «ይሄን እንኳ አቃተኝ» ብለህ ራስህን ትወቅሳለህ። ከሌሎች ታካሚዎች ጋር ተራ ስንጠብቅ ስናወራም ይሄው ነገር ይነሳል። ለዚህ ነው ከወፍራም መጽሐፍ አጭር ድምፅ የምመርጠው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በሥዕል የተሠራ የጭንቀት ጊዜ መመሪያ አውጥቷል። በነፃ ይወርዳል፣ የድምፅ ልምምዶችም አሉት። እኔ አብዝቼ የምጠቀመው የመጀመሪያውን ነው። ሐሳብ ሲያጣድፈኝ እግሬን ወለሉ ላይ ጫን አደርጋለሁ፣ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ ዙሪያዬን አያለሁ፣ እሰማለሁ። የጎረቤት ሙቀጫ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ። ሐሳቡ አይጠፋም፤ ግን ይዞኝ አይሄድም። አንተ ልምምዱን በአማርኛ በራስህ ድምፅ ቀድተህ ልትሰጣት ትችላለህ። የሚያውቁት ድምፅ ደስ ይላል።

የዚሁ ዘዴ የቡድን ዓይነት ሰሜን ዩጋንዳ ውስጥ ከደቡብ ሱዳን በተሰደዱ ሴቶች ላይ ተሞክሯል። እስከ 30 የሚሆኑ ሴቶች በ5 ስብሰባ የተቀረጸ ድምፅ አብረው ይሰማሉ። የሚያስተባብሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ከ3 ወር በኋላም ጭንቀታቸው ዘዴውን ካላገኙት ይልቅ ቀንሶ ነበር። መጽሐፍም ተሰጥቷቸዋል፤ ግን ለብቻቸው አልተተዉም።

ሌላው ተራ ደብተር ነው። አንዲት የሳይካትሪ ነርስ ነች ያሳየችኝ። ማታ ለነገ አንድ ትንሽ ሥራ ትጽፋለህ። «ልብስ ማጠብ» አትበል፤ «አንድ ሹራብ ማጠብ» በል። «ፀሐይ ላይ መቀመጥ» ብትልም ይበቃል። ሲሠራ ምልክት ታደርጋለህ። ፍላጎት እስኪመጣ ከተጠበቀ ሳምንቱ ያልፋል፤ ሥራው ሲቀድም ፍላጎቱ እግር በእግር ይመጣል። ደብተሩን ቀጠሮ ላይም ይዤ እሄዳለሁ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ከመውጣት ገጹን ማሳየት ይቀላል። የእንቅልፍ ሰዓትና የተዘለለ ኪኒን እዚያው ይጻፍ።

የማነቃቂያ ቪዲዮዎችን ግን እባክህ አጣራላት። «ሁሉም አስተሳሰብህ ውስጥ ነው» የሚል ንግግር ለታመመ ሰው ተጨማሪ ሸክም ነው። «መድኃኒት አቁም» የሚል ካለ ወዲያው ዝጋው። የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ሳምንታት ቆይቶ ነው፤ በድንገት ማቋረጥም ራሱን የቻለ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ጠበል የምትሄድ ከሆነ ትሂድ፣ መድኃኒቷን እየወሰደች።

አንድ ነገር ግን ላጥብቅብህ። መሞትን ወይም ራሷን መጉዳትን ካነሳች የድምፅም የደብተርም ጊዜ አይደለም። ብቻዋን አትተዋት። ቀጠሮ ሳትጠብቅ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። ከጠረጠርክም በቀጥታ ጠይቃት፤ መጠየቅህ ሐሳቡን አያመጣባትም።

ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ድምፅና ደብተሩ ይበቃሉ። ድምፁን ከጎኗ ቁጭ ብለህ አብረሃት ስማ። ካልተስማማት አትጫናት፣ ሌላ ሞክሩ። በቀጠሮዋ ቀን ደግሞ ፈቃደኛ ከሆነች አብረሃት ግባና ደብተሩን ለሐኪሙ አሳዩት።