ትልቅ ቱርቦ ከመግዛትህ በፊት ሳሙናና ውሃ አዘጋጅ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። መኪናው የ2007 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ነው፤ 2.5 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ)። ባለቤቱ ክፍት የአየር ፊልትሮ ገጥሟል። የጭስ ማውጫውን ከቱርቦው እስከ ጫፉ በሰፊ ቀይሯል። እግር ከነዳጅ ሲነሳ የተጨመቀውን አየር ፍሽሽ ብሎ ወደ ውጭ የሚለቅ ብሎውኦፍ ቫልቭ አስገብቷል። ኮምፒውተሩ ላይ የተዘጋጀ ፋይል ገዝቶ ጭኖ የቱርቦውን ግፊት ወደ 1 ባር አውጥቷል። መኪናው ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ይበራል፣ ከዚያ ይደክማል። መብራት ላይ ቆይቶ ሲነሳ ጭራሽ ይለግማል። ሲረገጥ ከኮፈኑ ሥር የሚተነፍስ ድምፅ አለ፤ ማርሽ ሲቀየር ጥቁር ጭስ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የፍሬን ፔዳሉ ይሰምጣል። ቀጥሎ ትልቅ ቱርቦ ልግዛ ወይስ ከፊት የሚቀመጥ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘው)? ይላል።

ወንድሜ፣ አሁን ሁለቱንም አትግዛ።

መጀመሪያ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግካትን ነገር እናንሳ። ፔዳሉ የሚሰምጥ መኪና ላይ የፈረስ ጉልበት አይጨመርም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ትነት ይሆናል፣ ትነት ደግሞ ይጨመቃል፤ እግርህ ሥር የሚሰምጠው እሱ ነው። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይር፣ በፍሬን መስመሩ ውስጥ ያለውን አየር በአራቱም ጎማ በኩል አስወጣ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ ግጠም፣ የጎማ ቱቦዎቹንም እያጠፍክ ስንጥቅ ፈልግ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ከቀየርክ በኋላም ፔዳሉ ከሰመጠ መኪናውን አትንዳው፤ ፈልገህ አግኝ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ምልክቶቹን ሳነብ ልቤ ቀጥታ የሄደው ኢንተርኩለሩ ላይ ነው። በዚህ መኪና ሞተሩ አናት ላይ ይተኛል። ዳውንፓይፑን፣ ማለትም ከቱርቦው የሚነሳውን የጭስ ቧንቧ፣ ለመቀየር ደግሞ እሱ መነሳት አለበት። ማለትም አንድ ሰው አውጥቶ መልሶታል፤ እንዴት እንደመለሰው ደግሞ እገምታለሁ። ቱቦው ጠማማ ገብቷል፣ ማጥበቂያው እስኪቆርጥ ተጠምዝዟል፣ አልገጥም ሲል ሲሊኮን ተቀብቶበታል። ዘይት የነካው ቱቦ ላይ ሲሊኮን መቀባት ጥገና አይደለም! ከዓመታት ሙቀት በኋላ የኢንተርኩለሩ ጫፎችም መጋጠሚያቸው ላይ ይላላሉ። ሲቀዘቅዝ የሚገጥም፣ ሲሞቅ የሚከፈት ስንጥቅ ማለት ነው።

ጥቁር ጭሱም ይመሰክራል። አየር የሚለካው ሴንሰር ያለው ከቱርቦው በፊት ነው። ኮምፒውተሩ ለተለካው አየር ሁሉ ቤንዚን ይሰጣል፤ አየሩ ግን መንገድ ላይ ሾልኳል። ብሎውኦፍህም የተለካውን አየር ወደ ውጭ እየተፋ ያንኑ ያደርጋል። ርካሹ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስፕሪንጉ ሲደክም ግፊት እያለም ያፈሳል። የፋብሪካውን መልሰህ ግጠም፣ አየሩን ወደ ቱርቦው መግቢያ ይመልሰዋል። ድምፁ ይቅርብህ።

ብዙ ሰው የማይገባው ግን ሙቀቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ። የብስክሌት ጎማ ነፍተህ ከሆነ የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚግል ታውቃለህ። ቱርቦም እንደዚያው ነው። 25 ዲግሪ የሆነ አየር ወስዶ ግፊቱን በ1 ባር ቢያሳድገው፣ እንከን የሌለው ቱርቦ እንኳ አየሩን 90 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። በተግባር፣ 70 በመቶ ብቃት ላለው ቱርቦ፣ ወደ 120 ይጠጋል። ኢንተርኩለሩ ይህን ወደ 40 ቢያወርድልህ፣ በዚያው ግፊት ውስጥ የሚገባው አየር ከሩብ ያላነሰ ይጨምራል። የግፊት ጌጅህ ግን ይህን አያሳይህም፤ 1 ባር ትኩስ አየርና 1 ባር ቀዝቃዛ አየር መርፌው ላይ አንድ ናቸው። ፍሳሽ ሲኖር ነገሩ ይብሳል። ቱርቦው የጠፋውን ለመተካት ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩም የባሰ ይግላል። በዚህ መኪና ላይ የአየር ሙቀት ሴንሰሩም ያለው ከመለኪያው ጋር፣ ከቱርቦው በፊት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ውስጥ ምን ያህል ትኩስ አየር እንደገባ አያውቅም። የሚነቃው ሞተሩ ማንኳኳት (ቤንዚኑ ከሙቀት የተነሳ በራሱ መፈንዳት) ሲጀምርና የማንኳኳት ሴንሰሩ ሲሰማ ነው። ያኔ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ አንተ ድካም የምትለው ይህን ነው። መብራት ላይ ስትቆም ደግሞ ኢንተርኩለሩን የሚያቀዘቅዝ ንፋስ የለም፣ ከሥሩ ያለው ሞተር ይጠብሰዋል። ማንኳኳቱን ችላ ካልክ የዚህ 2.5 ሞተር ፒስተን ይሰበራል። በዚህ የታወቀ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የቱርቦውን መግቢያ የጎማ ቫልቭ ባለው ክዳን ድፈን። ከኮምፕሬሰር በመቆጣጠሪያ ቀስ እያልክ አየር ስጥ። ግማሽ ባር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሄደህ የሞተር ጎሚኒ አታፈንዳ። ክዳኑ ተፈናጥሮ ሊወጣ ስለሚችል ፊትህን ከፊቱ አታድርግ። ቱቦዎቹንና የኢንተርኩለሩን ጠርዝ በሳሙና ውሃ እርጭ። በቀዝቃዛው አረፋ ካላየህ ሞተሩን አሙቀህ ድገመው።

ፍሳሹ ሲዘጋ የአየር መግቢያህን ተመልከት። መለኪያው የሚቀመጥበት ቧንቧ ከፋብሪካው በስፋት ከተለየ ሴንሰሩ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ሞተሩ ቤንዚን ሊያጥረው ይችላል። የተገዛው ፋይል ያንተን ቧንቧ አያውቀውም። የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን መልስ፣ ወይም መኪናውን ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ አውጥቶ የቤንዚንና አየር ምጣኔውን ዋይድባንድ በሚባለው የጭስ ሴንሰር እያየ የሚያስተካክል ሰው ፈልግ። ያለዚህ ቀጣይ ዕቃ አትግዛ።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈህ ጎማ። ከጎማ ቀጥሎ የተሻለ ኢንተርኩለር፣ አናት ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ይበቃሃል። ከፊት የሚቀመጠው ረጅም ቱቦና ብዙ መጋጠሚያ አለው፣ ብዙ መጋጠሚያ ደግሞ ብዙ ፍሳሽ ነው። ቱርቦው የመጨረሻ ነው። እሱ ብቻውን አይመጣም፤ ትልቅ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው)፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ ፍሪሲዮንና አዲስ ማስተካከያ አብረው ይገዛሉ። ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮም ከቆመበት በኃይል ማስነሳት አይወድም፤ ጥርሱን ያረግፋል።

የፈተናውን ውጤት ላክልኝ፣ አረፋው የታየበትን ቦታ በፎቶ ብታደርገው ይሻላል። እስከዚያ ግን የፍሬን ዘይቱን ሳትቀይር ቁልቁለት እንዳትወርድ።