የሱቅ ካሜራ፣ ቲቪ ቦክስና ስማርት አምፖል፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

«የሱቄ ካሜራ ከተገጠመ ጀምሮ የይለፍ ቃሉ 12345 ነው። የኔን ትንሽ ሱቅ ማን ይፈልገዋል?»

የሱቅዎን ትንሽነት የሚያይ የለም፤ የሚሞክርዎት ፕሮግራም ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተሰራጨው ሚራይ የተባለ ቫይረስ የኢንተርኔት አድራሻዎችን በዘፈቀደ እየቃኘ፣ በቴልኔት (ዕቃን ከርቀት ማዘዣ መንገድ፤ ፖርት ማለትም የመግቢያ በር ቁጥር 23 እና 2323) 60 ገደማ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ካሜራና ዲቪአር (የካሜራ ምስል መቅጃ) ይይዝ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙዎች አልከፈት ያሉት በእነዚሁ ዕቃዎች በተሰነዘረ ጥቃት ነው።

ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ሚራይ ራም (ዕቃው ሲጠፋ የሚጸዳ ጊዜያዊ ማህደር) ላይ ስለሚቀመጥ ዲቪአሩን አጥፍቶ ማብራት ያስወግደዋል፤ የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ አጥፍተው ያብሩ፣ በራሱ ማውስና ስክሪን የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ ገመዱን የሚሰኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ርካሽ ዲቪአሮች ላይ የቴልኔቱ የይለፍ ቃል ፈርምዌሩ (ከፋብሪካ የተጫነው ዋና ሶፍትዌር) ውስጥ ስለተቀበረ በሜኑ የሚቀይሩት አይነካውም። መፍትሔው ራውተሩ ላይ ነው፦ ዩፒኤንፒን (ዕቃዎች ራሳቸው ፖርት እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደውን) ያጥፉ፣ ፖርት ፎርዋርዲንግ (ከውጭ ወደ ካሜራው የሚያስገቡ ክፍት ፖርቶች ዝርዝር) ውስጥ የተመዘገበውን ይሰርዙ። የሚገጥምልዎ ባለሙያ ይህን ሳይጨርስ ሒሳቡን አይክፈሉት።

«ፖርቱን ከዘጋሁ ከቤቴ ሆኜ ሱቄን እንዴት አያለሁ?»

ካሜራው ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር ስለሚደውል አፑ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍት ፖርትም ይሠራል። ያኔ ግን ምስልዎ በአምራቹ እጅ ነው። የእኛ ምርጫ ራውተሩ ላይ ዋየርጋርድ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ሱቅዎ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) መጫን ነው፤ ቁልፍ ለሌለው ጠያቂ መልስ እንኳ አይሰጥም። መስመርዎ የራሱ ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ከሌለው ግን በቀጥታ አይሠራም።

«ወንድሜ ከዱባይ የላከልኝ ቲቪ ቦክስ ቫይረስ አለው ተባልኩ። ፋክተሪ ሪሴት ይበቃል?»

ቫይረሱ ከፋብሪካ ከፈርምዌሩ ጋር የመጣ ከሆነ አይበቃም፤ ሪሴት የሚያጠፋው እርስዎ የጨመሩትን ብቻ ነው። ኤፍቢአይ በጁን 2025 ያስጠነቀቀበት ባድቦክስ 2.0 እንዲህ ያለ ነው፤ የሌሎች ሰዎችን ትራፊክ በእርስዎ መስመር ያሳልፋል። ፕሌይ ስቶር፣ ሴቲንግስ፣ አባውት ውስጥ ገብተው የፕሌይ ፕሮቴክት (የጎግል የደህንነት ፍተሻ) ማረጋገጫውን ይመልከቱ። ማረጋገጫ ከሌለውና ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፉ ብሎ ከጠየቀዎት፣ ስጦታ መጣል ቢከብድም ከኢንተርኔት ያውጡት።

«ስማርት አምፖልስ?»

በጌስት ዋይፋይ (ከዋናው በተለየው የእንግዳ ኔትወርክ) ያገናኙት፤ አብዛኞቹ የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ሲጥሉት ወይም ለሰው ሲሰጡት ሪሴት ያድርጉት፤ የዋይፋይዎን የይለፍ ቃል ሳይመሰጥሩ የሚያስቀምጡ አምፖሎች ተገኝተዋል።